የሻንግ ነሐስ ያለ ሰም እንዴት ተሠራ? እውነተኛውስ በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ «ዋሽንግተን በሚገኘው የእስያ ጥበብ ብሔራዊ ቤተ መዘክር የቻይና የሻንግ ሥርወ መንግሥት የነሐስ ዕቃዎችን አየሁ። በሰም ሳይሆን በሸክላ ፎርማ የተሠሩ ናቸው ተባልኩ። ያ ሁሉ ደቃቅ ጥለት ያለ ሰም እንዴት ይወጣል? ሌላም አለኝ፤ ቤተሰባችን ውስጥ ‹የሻንግ ነው› ተብሎ የተገዛ ባለሦስት እግር የነሐስ ዋንጫ አለ። ሰሞኑን ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ማውጣት ጀምሯል። እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ? ላጽዳውስ ወይ?»

ምላሽ፦

ከጥያቄዎ አስቸኳዩ የመጨረሻው ስለሆነ እሱን ላስቀድም፦ እባክዎ አያጽዱት። የናስ ሰሃንን በሎሚና በአመድ ፈትጎ ማብራት የቤታችን ልማድ ነው፤ ይህን ዋንጫ ግን ሎሚም፣ ኮምጣጤም፣ የሽቦ መፋቂያም እንዳይነካው። ከኩሽናና ከመታጠቢያ ቤት ያርቁትና ክዳኑ አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር ይዝጉበት። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። አሠራሩ ከታወቀ ምርመራውም እንክብካቤውም ይቀላልና ከእሱ እንጀምር።

ሰምን በተመለከተ አማርኛ ተናጋሪ ለነገሩ ሩቅ አይደለም። «ሰምና ወርቅ» የምንለው አነጋገር ራሱ ከአንጥረኛ ቤት የወጣ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ያበጃል፣ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፣ እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በባዶው ቦታ ወርቁ ይገባል። ብዙዎቹ ጥንታዊ የመጾር መስቀሎቻችን የተሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። የሰም ትልቁ ጥቅም ፎርማውን መከፋፈል አለማስፈለጉ ነው፤ ሰሙ ፈሶ ስለሚወጣ ጭቃው እንዳለ ይቆያል፣ የቱንም ያህል የተጠላለፈ ቅርጽ ቢሆን ችግር የለም። በጭቃ ሞዴል የሚሠራ ሰው ግን ጭቃ አይቀልጥለትም። ሞዴሉን ለማውጣት ፎርማውን ቆርጦ መክፈትና መልሶ መግጠም አለበት። የሻንግ ጥበብ በሙሉ፣ መልኩም ውበቱም፣ ከዚህ መቁረጥና መግጠም የተወለደ ነው።

ሻንጎች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1600 ገደማ እስከ 1046 ገደማ በቢጫ ወንዝ ሸለቆ ገዝተዋል። የመጨረሻው መናገሻቸው ዛሬ በሄናን ክፍለ ሀገር አንያንግ ከተማ ያለው ዪንሹ ነው፤ ከ1250 ገደማ ጀምሮ ማለት ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰብሳቢዎች ዕቃዎቹን ሲያዩ ብዙዎቹ «ይህን የመሰለ ጥራት ያለ ሰም አይገኝም» ብለው ደመደሙ። መልሱን የሰጠው መሬቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ በአንያንግ ቁፋሮ ሲካሄድ ጥለቱ በግልባጭ የታተመባቸው የሸክላ ፎርማ ስባሪዎች መውጣት ጀመሩ። ስዊድናዊው የባቡር መሐንዲስ ኦርቫር ካርልቤክ በ1935 ስለነዚህ ስባሪዎች ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ስባሪዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ሆነዋል፤ በአንያንግ ሺያኦሚንቱን በሚባለው ስፍራ በዚህ መቶ ዘመን መባቻ የተቆፈረው የማቅለጫ ቦታ ብቻውን እጅግ ብዙ ሰጥቷል። በቻይና በሰም መሠራታቸው በሰፊው የሚታመንባቸው ዕቃዎች ብቅ የሚሉት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዘመን፣ ሻንግ ከወደቀ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከአፈሩ ነው። የሰሜን ቻይና ቢጫ አፈር፣ ሎስ የሚባለው፣ ነፋስ ተሸክሞ ያከማቸው እንደ ዱቄት የላመ አፈር ነው። የእንስራ ጭቃ ውስጥ የሚለጠጥ ሸክላ ብዙ ስለሆነ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ካልተጠነቀቁለትም ይሰነጠቃል። በሎስ ውስጥ ግን ሸክላው ጥቂት፣ ደቃቁ የኳርትዝ ብናኝ ብዙ ነው። ስለዚህ ሲደርቅም ሲተኮስም መጠኑን ብዙም አይቀይርም። እጅግ ደቃቅ ስለሆነም ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጭረት ሳይቀር ይይዛል። በዚያ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ነሐሱ ሲገባ አየሩ በግድግዳው ሾልኮ መውጣት ይችላል። ሦስቱ ባሕርያት በአንድ አፈር መገኘታቸው ትልቅ ዕድል ነበር። የፎርማው ፊት፣ ነሐሱን የሚነካው ማለት ነው፣ ከተነፋውና ከላመው አፈር ይሠራል፤ ከጀርባው ሸካራ አፈር ይደገፋል።

መጀመሪያ የዕቃው ሞዴል ከጭቃ ተበጅቶ ይደርቃል። በላዩ እርጥብ አፈር በጣት እየተጫነ እያንዳንዱን ጭረት እስኪሞላ ይጠቀጠቃል። ግማሽ ሲደርቅ በቢላ ከላይ ወደ ታች ተቆርጦ ክፍል በክፍል ይነሳል። ክብ ባለሦስት እግር ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ይከፈላል፣ በየእግሩ አቅጣጫ። አራት ማዕዘኑ በአራት ወይም ከዚያ በላይ ይከፈላል። ክፍሎቹ ተመልሰው ሲገጠሙ እንዳይንሸራተቱ በጠርዛቸው ላይ አናጢዎች ወንዴና ሴቴ የሚሉት ዓይነት ጥርስ ይወጣላቸዋል። ቸኩሎ ያነሳው ክፍል ይጣመማል፤ አዘግይቶ ያነሳው ደግሞ ሞዴሉ ላይ ይጣበቅበታል፣ ጥለቱም ይላጣል። ክፍሎቹ በጥላ ቀስ ብለው ደርቀው ከዚያ ይተኮሳሉ።

ዕቃው ባዶ ውስጥ እንዲኖረው የውስጥ ልብ ያስፈልጋል። ለዚህ አንዱ መንገድ ሞዴሉን ራሱን መላጥ ነው፦ ፎርማው ከተነሳለት በኋላ የሞዴሉ ገጽ ዕቃው ሊኖረው በሚገባው ውፍረት ልክ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያህል፣ ዙሪያውን ይፋቃል። የተላጠው ሞዴል ፎርማው መሃል ሲቆም በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት የነሐሱ ቦታ ነው። ልብ ይበሉ፤ ያ ክፍተት በአንድ በኩል 2 ሚሊ ሜትር፣ በሌላው 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ቀጭኑ በኩል ነሐሱ ሳይደርስ ይረጋል፣ ወይም ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ይህን ለመከላከል ከተሰበረ የቀድሞ ዕቃ የተቆረጡ ትናንሽ የነሐስ ቁራጮች በልቡና በፎርማው መካከል ይቀረቀራሉ። ውፍረታቸው ክፍተቱን ይጠብቃል። የቀለጠው ነሐስ ሲከባቸው ሙሉ በሙሉ ስለማይቀልጡ እዚያው ተውጠው ይቀራሉ። በራጅ ሲታዩ እንደ ትንንሽ ጥገና ጎልተው ይወጣሉ። እርስዎ ያዩት ስብስብ አካል የሆነው የፍሪር ቤተ መዘክር የቀድሞ ተመራማሪ ራዘርፎርድ ጌትንስ በ1960ዎቹ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ሲመረምር ይህን በሰፊው አሳይቷል። እነዚህን ቁራጮች ልብ እንዲሏቸው እፈልጋለሁ፤ ስለ ሐሰተኛ ዕቃ ስንነጋገር ይመጣሉ።

ፎርማው ተገጣጥሞ፣ በውጭ በጭቃና በአፈር ታስሮ፣ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይቆማል፤ እግሮቹ ወደ ላይ፣ አፉ ወደ ታች። ነሐሱ በእግሮቹ በኩል ይገባል፣ አየሩም በቀሩት እግሮች በኩል ይወጣል። ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በቀለጠ ብረት ውስጥ ያለ አረፋና ቆሻሻ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ዕቃው ከተገለበጠ ቆሻሻው የሚሰበሰበው እግር ጫፍ ላይ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት አፍና ጥለት ግን የጠራውን ነሐስ ያገኛል። በእውነተኛ ዕቃ እግር ጫፍ ላይ ነሐሱ የገባበት ቦታ ተሰብሮ የተሞረደ ሸካራ ጠባሳ ሊታይ የሚችለው ለዚህ ነው።

ስለ ነሐሱ ራሱ። በአማርኛ ነሐስና ናስ ስለምናምታታ አስቀድሜ ልለይ፦ እዚህ ነሐስ የምለው የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ ነው፤ መዳብና ዚንክ ሲቀላቀሉ የሚገኘው ቢጫ ናስ ሌላ ነገር ነው። ንጹሕ መዳብ የሚቀልጠው 1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። 10 በመቶ ያህል ቆርቆሮ ሲገባበት ሙሉ በሙሉ የሚቀልጥበት ሙቀት ወደ 1,000 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል፤ በከሰልና በወናፍ ለሚሠራ ሰው ይህ ልዩነት ብዙ ነው። እርሳስ ደግሞ ከነሐሱ ጋር አይዋሃድም፤ በውስጡ እንደ ጠብታ ተበትኖ ይቀራል፣ ነሐሱ ግን ቀጭን ቦታ ድረስ እንዲፈስ ይረዳል። ሲበዛ ዕቃውን ያለሰልሰዋል። በነገራችን ላይ አረንጓዴው የዘመን ዝገት ነው እንጂ ዕቃው ከፎርማው ሲወጣ አረንጓዴ አልነበረም። 11 ወይም 12 በመቶ ቆርቆሮ ያለበት አዲስ ነሐስ ወደ ወርቅ የሚጠጋ ቢጫ ቀለም አለው። የሻንግ ካህናት በጭለማ ውስጥ እንደተቀመጠ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ሳይሆን በእሳት ብርሃን እንደሚያበራ ወርቃማ ዕቃ ነበር የሚያዩት።

የሚበላሸው የት ነው? ከሁሉ የከፋው እርጥበት ነው። ፎርማው ውስጥ የቀረች ጥቂት ውኃ ነሐሱ ሲነካት በቅጽበት እንፋሎት ሆና ብረቱን ወደ ውጭ ትተፋዋለች፤ ሰውን ታቃጥላለች፣ ዕቃውን በቀዳዳ ትሞላዋለች። ስለዚህ ነሐሱ ከመፍሰሱ በፊት ፎርማው እንዲሞቅ ይደረጋል፤ ይህ ነሐሱ ቶሎ እንዳይረጋም ይረዳል። ሁለተኛው ማቋረጥ ነው። አንዱ ማቅለጫ አልቆ ሌላው እስኪመጣ የፈሰሰው ገጽ ከቀዘቀዘ የሚቀጥለው ነሐስ ከሱ ጋር አይዋሃድም፤ እንደ ስንጥቅ ያለ መስመር ይቀራል። ሦስተኛው የፎርማው ክፍሎች መንሸራተት ነው፤ የግራና የቀኝ ጥለት አይገጥምም። የተበላሸ ቦታ ሲገኝ አይጣልም፦ ትንሽ ፎርማ በላዩ ተሠርቶ አዲስ ነሐስ ይፈስበታል። የብዙ ሻንግ ዕቃዎች ታች እንዲህ የተለጠፈ ነው።

የማቋረጡን አደጋ ለመረዳት ሆዉሙዉ ዲንግ የተባለውን ባለአራት እግር ግዙፍ የነሐስ ዕቃ ይመልከቱ፤ ጀበና ከሚያህል ዕቃ ጋር አያነጻጽሩት። ቁመቱ 133 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 832.84 ኪሎ ግራም ነው፤ ከጥንቱ ዓለም ከተረፉት የነሐስ ዕቃዎች ከከባዶቹ አንዱ። 84.77 በመቶ መዳብ፣ 11.64 በመቶ ቆርቆሮ፣ 2.79 በመቶ እርሳስ ነው። ያን ሁሉ ነሐስ በአንድ ማቅለጫ ማቅለጥ አይቻልም ነበር፤ ብዙ ምድጃዎች በአንድ ሰዓት ደርሰው ያለ ዕረፍት መፍሰስ ነበረባቸው። ይህን የሚያዝ ሰው፣ መዳቡን ከሩቅ የሚያመጣ፣ ከሰሉን የሚያከማች መንግሥት ከጀርባው ቆሟል። ዕቃውን በ1939 በአንያንግ ዉጓን መንደር ገበሬዎች አገኙት፤ ከጃፓን ወታደሮች ለመሰወር መልሰው ቀበሩት፣ በ1946 እንደገና ወጣ። አንዱ ጆሮው ጠፍቶ ስለነበር አሁን ያለው የተተካ ነው። ቤጂንግ በሚገኘው የቻይና ብሔራዊ ቤተ መዘክር ቆሟል።

ከቁጥር ሁሉ ይልቅ ግን የሻንግን ሀብት የሚያሳየው የፉ ሃኦ መቃብር ነው። ፉ ሃኦ የንጉሥ ዉ ዲንግ ሚስት ነበረች። በኤሊ ቅርፊትና በከብት አጥንት ላይ የተጻፉት የንግርት ጽሑፎች ጦር እንደመራች ይናገራሉ፤ አንዱ ላይ የ13,000 ሰው ሠራዊት ተጠቅሷል። መቃብሯን በ1976 ያገኘችው አርኪዮሎጂስቷ ጀንግ ጀንሺያንግ ናት። የንጉሣውያኑ ታላላቅ መቃብሮች በሙሉ ተዘርፈው ሲገኙ ይህ 5.6 በ4 ሜትር የሆነ፣ 7.5 ሜትር የጠለቀ ጉድጓድ አልተነካም ነበር። 468 የነሐስ፣ 755 የጄድ (የከበረ ድንጋይ) ዕቃ፣ ወደ 6,900 የሚጠጋ ዛጎል ወጣ። ነሐሱ ብቻ 1.6 ቶን ገደማ ይመዝናል። ከመጠጥ ዕቃዎቹ 53ቱ ጉ የሚባሉት እንደ መለከት አፋቸው የተከፈተ ረጃጅም ዋንጫዎች፣ 40ዎቹ ደግሞ ጁዌ የሚባሉት ባለሦስት እግር ዋንጫዎች ናቸው። የጉጉት ቅርጽ ያላቸው ጥንድ የወይን ዕቃዎችም ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው 46 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ደረታቸውን ነፍተው በሁለት እግርና በጅራት የቆሙ። አንደኛው ጀንግጆው ባለው የሄናን ቤተ መዘክር፣ ሌላው ቤጂንግ ይገኛል። አንድ የሻንግ ዕቃ ብቻ እንዲያይ ለሚፈቀድለት ሰው የምመክረው ይህን ጉጉት ነው፦ ክንፉ ላይ እባብ ተጠምዝዟል፣ ጀርባው ላይ ሌላ ጉጉት አለ፣ ግን ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም አንድ ወፍ ነው።

አሁን ወደ ጥለቱ። ከቅርብ ሲታይ የዕቃው ገጽ በሙሉ በአራት ማዕዘን ጥምዝ ጭረቶች የተሞላ ነው፤ ቻይናዎች የነጎድጓድ ጥለት ይሉታል። በላዩ ትልቅ ፊት ይወጣል፦ ሁለት ዓይን፣ ቀንድ፣ የላይኛው መንጋጋ፤ የታችኛው የለም። ታኦቲዬ የሚል ስም የኋላ ዘመን ሰዎች ሰጡት። አፍንጫው ያለበትን ቀጥ ያለ መስመር ይመልከቱ። ግራው ከቀኙ ግልባጭ ነው። ብዙ ጊዜ የፎርማው ክፍል የሚያልቀው በሁለት ፊቶች መካከል ነው፤ እዚያ ላይ እንደ ክንፍ የወጣ ጠርዝ ይቆማል። ያ ጠርዝ ጌጥ ይመስላል፤ መነሻው ግን መጋጠሚያው ነው። ነሐስ በመጋጠሚያ ስንጥቅ ውስጥ ሾልኮ ቀጭን ክንፍ ይሠራል፣ ያንን መሞረድ አድካሚ ነው፣ ጥለቱንም ይጎዳል። የሻንግ ሠሪዎች ጉድለቱን ከመደበቅ ይልቅ አጎሉትና የዕቃው አከርካሪ አደረጉት። በሰም የሚሠራ ሰው እንዲህ ዓይነት ጠርዝ የሚያስብበት ምክንያት አይኖረውም።

ጥለቱ ዘመኑንም ይናገራል። ጀርመን ተወላጁ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ማክስ ለር በ1953 የዕቃዎቹን መልክ ብቻ በማየት በአምስት ደረጃ አሰለፋቸው፦ መጀመሪያ እንደ ክር ቀጭን የወጣ መስመር፣ ኋላ ሰፊ ጥብጣብ፣ ከዚያ እየደቀቀ መሄድ፣ መጨረሻ ፊቱ ከዕቃው ገጽ ተነጥሎ ወደ ውጭ መውጣት። ኋላ ጀንግጆው ላይ የተቆፈሩት ከአንያንግ የቀደሙ ዕቃዎች ቅደም ተከተሉን አረጋገጡለት። ምክንያቱም ከሥራው ጋር ይሄዳል። ክር የመሰለው መስመር በፎርማው ውስጥ በቀጥታ ሲጫር የሚወጣ ነው፤ በጭቃ ላይ የተጫረ ነሐስ ላይ ይወጣልና። ጌጡ ወደ ሞዴሉ ሲዛወር ነው ወፈር ያለና የሚወጣ ቅርጽ መሥራት የተቻለው።

እነሆ የእርስዎ ዋንጫ። ባለሦስት እግር፣ በአንድ በኩል የመፍሰሻ አሸንዳ፣ በሌላው እንደ ጅራት የሾለ ጠርዝ፣ አፉ ላይ ሁለት ትንንሽ ምሰሶ፣ ጎኑ ላይ ጆሮ ካለው ጁዌ ነው። የመጀመሪያ ምርመራ ከቤትዎ ሳይወጡ፣ የእጅ ባትሪና ማጉያ መነጽር ይዘው ማድረግ ይችላሉ። ከአሸንዳውና ከጅራቱ በታች በኩል ይመልከቱ፦ ፎርማው በሁለት የተከፈለበት መስመር እዚያ መኖር አለበት፣ ቢሞረድም እንኳ ብዙ ጊዜ ምልክቱ አይጠፋም። መስመሩ በማይጠበቅበት ቦታ ጥለቱን አቋርጦ ከሄደ፣ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ ይጠርጥሩ። ከዚያ ከጆሮው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ይመልከቱ። በጆሮውና በዕቃው መካከል የጭቃ ቁራጭ መግባት ስለነበረበት የጥለቱ መቀነት እዚያ ቦታ ሲደርስ ይቋረጣል፤ ገጹ ባዶ ነው፣ ወይም የባለቤቱ ወይም የጎሳው ስም በአንድ ሁለት ፊደል ይወጣበታል። በሰም የሚሠራ ሐሰተኛ ሠሪ ይህ ስለማያስገድደው ብዙ ጊዜ ጥለቱን ዙሪያውን ያዞረዋል። ለእኔ ከሁሉ የምተማመንበት የዓይን ምልክት ይህ ነው።

ፊደል ካለም ጠርዙን በማጉያ ይዩት። በፎርማ የወጣ ፊደል ታቹ ሰፋ ያለና የለሰለሰ፣ የዝገቱ ልባስ ሳይቋረጥ ወደ ውስጥ የሚገባ ነው። በመሮ የተቆፈረ ግን የመሣሪያ ጭረት አለው፣ ዝገቱንም ቆርጦ ያልፋል። እውነተኛ ዕቃ ላይ ዋጋ ለመጨመር ሐሰተኛ ጽሑፍ የሚቆፈርበት ጊዜ ስላለ ይህ ምርመራ ለብቻው ስለ ዕቃው ሁሉ አይፈርድም።

ዝገቱ ሌላው ምስክር ነው። በመሬት ውስጥ 3,000 ዓመት የቆየ ነሐስ የሚዝገው ከላይ ወደ ውስጥ በንብርብር ነው፦ ብረቱን የሚነካው ቀይ፣ በላዩ አረንጓዴ፣ አንዳንዴ ሰማያዊ። ንብርብሩ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ነው። ሐሰተኛው አረንጓዴ ዱቄት በሙጫ የተቀባ ሊሆን ይችላል፤ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በእግሩ ውስጠኛ ጎን፣ አሴቶን በነካ የጥጥ ጫፍ ቢነኩት ቀለሙ ወደ ጥጡ ይመጣል። ሆኖም በአሲድና በጨው የተዘፈዘፈ ዕቃ በአሴቶን አይለቅም። ለዚህ ነው የሚያወጣው አረንጓዴ ዱቄት የዕድሜ ማስረጃ የማይሆነው፤ በጨው የተሠራ ሐሰተኛም በጥቂት ዓመት ውስጥ ያንኑ ያወጣል።

ከዚህ በላይ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው፣ ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። እግሩ ውስጥ ወይም ጆሮው ሥር የተቃጠለ የልብ አፈር ካለ ናሙናው በቴርሞሉሚነሰንስ ይለካል፤ አፈሩ ለመጨረሻ ጊዜ የጋለበትን ዘመን ይናገራል። የስሕተቱ መጠን ሰፊ ቢሆንም 3,000 ዓመትን ከ100 ዓመት ለመለየት ከበቂ በላይ ነው። ይህ ናሙና ከራጅ በፊት መወሰድ አለበት፣ ጨረሩ በአፈሩ ላይ የተጠራቀመውን ልክ ሊያዛባው ይችላልና። ቀጥሎ ራጅ፦ እነዚያ የተቀረቀሩ የነሐስ ቁራጮች ይታያሉ ወይ? ከተለያየ ስብርባሪ የተገጣጠመ ዕቃስ ነው? በመጨረሻ የቅይጡ ምርመራ። ጥቂት በመቶ ዚንክ ከተገኘ ዕቃው ናስ ነው፣ ሻንግ አይደለም። በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መለኪያ ይዞ የሚመጣ ሻጭ «30 በመቶ ቆርቆሮ አለው» ቢልዎ አይደነቁ፤ መሣሪያው የሚለካው ገጹን ነው፣ በመሬት ውስጥ መዳቡ ከገጹ እየወጣ ቆርቆሮው ይቀራልና ቁጥሩ የቅይጡ አይደለም። ትክክለኛው ከዝገቱ በታች ከሚወሰድ ቅንጣት ነው።

አንድ ነገር ላክል። ዕቃው አሮጌ መሆኑ ብቻ ሻንግ አያደርገውም። ከ10ኛው እስከ 13ኛው መቶ ዘመን የገዙት የሶንግ ነገሥታትና ሊቃውንት የሻንግን ነሐስ በፍቅር ሰብስበው አስቀድተዋል፣ ከእነሱም በኋላ የሚንግና የቺንግ ዘመን ሰዎች እንዲሁ። የ800 ዓመት ቅጅ የግድ ለማታለል የተሠራ አይደለም፣ በራሱም ክብር ያለው ነው፤ ግን ስሙ በትክክል ሊጠራ ይገባል።

ወደ ዱቄቱ እንመለስ። ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ በብሩሽ ሲጠረግ የሚረግፍና ከቀናት በኋላ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ባለሙያዎች የነሐስ በሽታ የሚሉት ነው። ብረቱ ውስጥ የተቀበረ የመዳብ ክሎራይድ እርጥበትና አየር ሲያገኝ ወደ አረንጓዴ ዱቄት ይለወጣል፣ በዚያው ሂደት አሲድ ይወጣል፣ አሲዱ አዲስ መዳብ ይበላል፣ አዲስ ክሎራይድ ይሠራል። ራሱን እየመገበ የሚሄድ ነው። የሚጀምረው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ42 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ነው። ዋሽንግተን በሞቃቱ ወራት ከዚህ በብዙ ትበልጣለች። ሎሚና ኮምጣጤ እንዳይነካው ያልኩት ለዚህ ነው፤ አሲዱ የሚከላከለውን ልባስ ይገፍፋል። ጨውም ቢሆን ክሎራይድ ይጨምራል። የውኃ ቧንቧም ክሎሪን አለውና አያጥቡት።

ለአንድ ሊትር የዕቃ መጠን 20 ግራም ሲሊካ ጄል በቂ ነው፤ ለ10 ሊትር ሳጥን 200 ግራም ማለት ነው። ጄሉ ነሐሱን እንዳይነካ በወረቀት ከረጢት ይሁን። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ውስጡ ያስቀምጡና ከ35 እስከ 40 በመቶ መካከል እንዲቆይ ያድርጉ። ቀለም የሚለውጠው ብርቱካናማ ጄል ሲለወጥ በ120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ጥቂት ሰዓት አድርቀው መመለስ ይቻላል። ዋንጫውን በናይትራይል ጓንት ይያዙት፣ ከጆሮው ሳይሆን ከሆዱ በሁለት እጅ። በሳምንት አንድ ጊዜ ማስመሪያ ከጎኑ አድርገው ያንኑ ቦታ ፎቶ ያንሱ፤ ዱቄቱ እየሰፋ መሆን አለመሆኑን የሚነግርዎ ይህ ነው። ሕክምናው፣ ዱቄቱን በማይክሮስኮፕ ሥር መንቀስ፣ ቤንዞትሪያዞል የተባለውን ዝገት የሚገታ ኬሚካል በአልኮል 3 በመቶ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከዚያ መሸፈን፣ የነሐስ ጠጋኝ ሥራ ነው። ቤንዞትሪያዞል ለጤና ስለሚጎዳ ቤት ውስጥ አይሞከርም።

ስለ ሰነዱም ልንገርዎ። አሜሪካ ከቻይና ጋር እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ባደረገችው ስምምነት የሻንግን ዘመን ጨምሮ እስከ ታንግ ሥርወ መንግሥት መጨረሻ ያሉ ቅርሶች ያለ ፈቃድ እንዳይገቡ ገድባለች። ዋንጫው መቼ፣ ከማን፣ በየት በኩል እንደገባ የሚያሳይ ደረሰኝ፣ ደብዳቤ ወይም የድሮ ፎቶ ካለ አሁኑኑ ፈልገው ከዕቃው ጋር አብረው ያኑሩ። ያ ከሌለ፣ እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ለመሸጥ አይነሱ፤ መጀመሪያ የቅርስ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ።

በሚቀጥለው ጊዜ ቤተ መዘክሩን ሲጎበኙ፣ መግቢያው ነጻ ነውና፣ ጁዌዎቹ ባሉበት መስታወት ፊት ዝቅ ብለው ከአሸንዳው ሥር ይመልከቱ። በብርሃኑ አቅጣጫ ትንሽ ሲንቀሳቀሱ መስመሩ ይታይዎታል። ከዚያ ወደ ጎን ሄደው ከጆሮው ጀርባ ያለውን ባዶ ገጽ ይፈልጉ። ቤትዎ ተመልሰው የራስዎን ዋንጫ በዚያው መንገድ ያዙሩት።